የክቡር አንቀጽ ስምንት ለቅሶ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ... ዛሬ ከሞርስ ሮድ እስከ ኦቤትስ ባለው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በጠና መታመማቸው ተሰምቷል። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት። የተወለዱት ሮም፣ ያደጉት ስትራስቡርግ፣ የሚኖሩት ለንደን። ስማቸው ክቡር አንቀጽ ስምንት።

ሰው አይደሉም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ሕግ ናቸው። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ስለሳቸው ሲያወራ ግን የሥጋ አጎቱ ይመስላሉ።

ጋሼ የሚኒቫኑ ባለቤት ነው። እኔን፣ ቀነኒሳንና ሙኒራን በየጠዋቱ ከኖርዝላንድ ሰፈር እየለቀመ ኦቤትስ ያለው የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ያደርሰናል። እሱ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ እኛ ካርቶን እንሞላለን። መንገዱን ሙሉ ሙዚቃ የለም። አንድ ለንደን የሚኖር ሐበሻ ጠበቃ አለ፤ ዩቲዩብ ላይ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝን ሕግ ይተነትናል። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ፈረደ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር እንዲህ አለ፣ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲህ መለሰ... ጋሼ ደግሞ እያስቆመ የራሱን ይጨምርበታል። ሁለት ጠበቃ ይዘን ነው ሥራ የምንገባው።

ዛሬ ባሰበት። የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ ሳምንት አዲስ ሐሳብ አውጥቷል። ውጣ የተባለ ስደተኛ "የቤተሰብና የግል ሕይወቴ ይከበርልኝ" እያለ አንቀጽ ስምንትን የሚጠራበትን በር ሊያጠብቡት ነው። ዳኞች አበዙት ብለው። ጋሼ መሪውን በመዳፉ እየመታ፣ "ሐሳብ ነው! ፓርላማ ገና አላየውም። ሐሳብና ሕግ ለየቅል ነው" አለ። ሙኒራ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ አሜሪካ ነን" አለችው። ቀነኒሳ ምንም አላለም። ቀነኒሳ ምንም ብሎ አያውቅም። አብረን አንድ አፓርትመንት እንኖራለን፣ ድምፁን የማውቀው ሲያንኮራፋ ነው።

ለምን እንደሚጨንቀው እናውቃለን። እኛ ሦስታችን ብቻ። ልጁ ሔርሞን ሌስተር የምትባል ከተማ ናት፣ እዚያው እንግሊዝ። እነጋሼ ዲቪ ሲወጣላቸው ሃያ አንድ ዓመት አልፏት ስለነበር ወረቀቱ እሷን አላካተተም። ትተዋት መጡ። በኋላ እሷ በተማሪ ቪዛ እንግሊዝ ገባች። ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ቪዛው አለቀ። ልቆይ ብላ አመለከተች፣ ውጪ ተባለች። ይግባኝ ብላ ዲሴምበር ላይ ችሎት ትቆማለች። የያዘችው ያንኑ አንቀጽ ስምንት ነው።

ሰፈሩ ግን አያውቅም። ለሰፈሩ ሔርሞን "እየተማረች" ናት። ከመማሯ ብዛት ቤተ ክርስቲያን ያሉት እናቶች ዶክተር ማለት ጀምረዋል። ጋሼም "ኧረ ገና ናት" ይላል እንጂ አይደለችም አይልም።

የለንደኑን ጠበቃ ድምፅ መኮረጅ ችያለሁ። በአፍንጫ ነው። ሙኒራን አሳቅኳት... በእንቅልፏ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ጻፍኩት። ብሬክ ላይ፣ ማይክሮዌቩ ተራ እስኪደርሰኝ። እድራችን ቴሌግራም ላይ ሰው ሲያርፍ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አለ አይደል? ልክ እንደሱ። ሻማው ሳይቀር።

"የሐዘን መግለጫ። በእንግሊዝ አገር ነዋሪ የነበሩትና የወንድማችን የሰይፈሥላሴ የቅርብና የልብ ሰው የሆኑት ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቆይተው ዐርፈዋል። ሟች ክቡር አንቀጽ ስምንት ሮም ተወልደው ስትራስቡርግ ያደጉ ሲሆን በሕይወት ዘመናቸው የስደተኛ መጠጊያ ነበሩ። ሕመማቸው ፖለቲከኛ ነው። አስከሬናቸው ፓርላማ ይገኛል። ለቅሶ ለመድረስ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞርስ ሮድ፣ ሰይፈሥላሴ ቤት።"

ትምህርት ቤት እያለሁ እንደዚህ ብጽፍ ኖሮ አስረኛን አልደግምም ነበር።

መጀመሪያ ለሦስታችን የመኪና ግሩፕ ላክሁት። ሙኒራ ሳቀች፣ ቀነኒሳ አውራ ጣት። ሁለት ሰው... አነሰኝ። ስለዚህ እድሩ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ጋሼም ሚስቱም እዚያ የሉም፤ ጋሼ ቴሌግራም ይሰልላል ብሎ ይፈራል። ሰኞ መኪና ውስጥ በአፍንጫዬ ላነብለት ነው።

ምላሹ ጎረፈ። ወጣቶቹ ሳቅ በሳቅ። ትልልቆቹ ደግሞ "ነፍስ ይማር"፣ "መጽናናቱን ይስጣቸው"፣ አንዷ "ኢና ሊላሂ" ብላለች። ጨዋታ ይችላሉ ለካ! ሰዉ ሁሉ አብሮኝ እየቀለደ ነው። ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ዛሬ መጻፍ አልችልም። የጋሼ ሚስት፣ እትዬ ፋንቱ... ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

እሺ። ከመጀመሪያው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ይኼን የማያውቅ ሐበሻ አለ? እኔ። ማለት... አውቃለሁ፣ ትዝ አላለኝም። ማስታወቂያውን ካዩት አንድም ሰው እነጋሼ ጋ ደውሎ "ማን ሞተባችሁ?" አላለም። አይባልማ። እርስ በርሳቸው ግን ሲደዋወሉ አመሹ። ላዩን ሁለት መስመር ያነበበው ላላነበበው ነገረ። እንግሊዝ አገር... የሰይፈሥላሴ የልብ ሰው... ሲታመም ቆይቶ። እንግሊዝ ያለው የሰይፈሥላሴ ሰው ማነው? ልጁ ናታ። ምስኪን፣ በትምህርቷ ላይ። ወላጆቿ ገና አልሰሙ ይሆናል፣ ቅዳሜ ጠዋት የተባለውም ለዚህ ይሆናል፣ ማልደን አንድ ላይ ሄደን እናርዳቸው። ተባለ።

ቀነኒሳ ነው የቀሰቀሰኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ሙኒራ ናት፣ እነጋሼ ግቢ ነው የምትኖረው። "እነጋሼ በር ላይ ሰው ቆሟል" አለች። ሳቅ የለባትም። "ነጠላ አዘቅዝቀዋል። ተነስ፣ አንተ ቀባጣሪ። ተነስ።"

ስንደርስ ፓርኪንጉ ሞልቷል። ቄሱ እስኪመጡ መኪና ውስጥ ሆነው ሲጠብቁ ነበር አሉ፣ ተሟልተው ሊገቡ። ብርዱ ሲጠናባቸው አንዳንዶቹ ወጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ጥቁር ጃኬት፣ ነጭ ነጠላ፣ በአሉሚኒየም ትሪ የተሸፈነ ምግብ፣ የውሃ ካርቶን። የሙኒራ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሾርባ በድስት ይዘው። እትዬ ፋንቱ ቆሻሻ ልትጥል በሩን ከፈተች። አየቻቸው። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ልጇ ባሕር ማዶ የሆነች እናት ጠዋት በሯ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ካየች ሌላ ምን ይገባታል?

ጩኸቷን ከመኪና ሳልወርድ ሰማሁት።

ውስጥ ጋሼ አንድ እግሩ ካልሲ አለው፣ አንደኛውን ካልሲ በእጁ ይዞ ወለል ላይ ነው። ያ መሪ እየደበደበ የሚከራከረው ሰውዬ። "ትቼሽ መጣሁ... ትቼሽ መጣሁ..." ሌላ ቃል የለውም። ሰዉ ወደ ሌስተር ይደውላል። አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቀልድ ነው፣ እኔ ነኝ። ይኼው ነው፣ አያልቅም? ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ አፌ ተዘጋ።

ሔርሞን ራሷ ደወለች። መዝሙር ልምምድ ላይ ሆና ስልኳን ዘግታው ነበር። ስትከፍተው ያን ሁሉ ጥሪ ስታይ እሷ ደግሞ ወላጆቿ የሞቱ መስሏታል። በስፒከር ነው፣ ሁላችንም እንሰማለን። "እማዬ፣ ማነው? አባዬ ነው? ንገሪኝ" ትላለች። እትዬ ፋንቱ ደግሞ "አለሽ? ልጄ አለሽ?" ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ አንዳቸውም አይመልሱም።

ከዚያ እልልታ። ሰው ተቃቀፈ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ...

አባባ አያና የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። "ታዲያ ማነው የሞተው?" አሉ። መነጽራቸውን አውጥተው ማስታወቂያዬን ከላይ እስከ ታች፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ወንጌል አነበቡት። የጻፍኩት ነገር እንደዚያ ሲነበብ... ሳቅ የሚባል የለበትም። ለካ ሳቁ የኔ ድምፅ ነበር። "እኚህ ክቡር አንቀጽ ስምንት የተባሉት ማን ናቸው?" ብለው ጠየቁ። ከምራቸው።

ቤቱ ዞሮ አየኝ።

እንግዲህ ነውሬ እዚህ ጋ ነው። ቀልዱማ ይቅር ይባላል። እግራቸው ሥር ወድቄ አጠፋሁ ብል ይረግሙኝና ያልፍ ነበር። እኔ ግን ራሴን ለማዳን ማስረዳት ጀመርኩ። ያ መኪና ውስጥ የሰማሁት ሁሉ ተዘረገፈ። ሰው አይደለም፣ ሕግ ነው፣ የሰብአዊ መብት ሕግ ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሊያዳክመው ነው፣ ለዚህ ነው ሞተ ያልኩት... "ሔርሞን እንዳትባረር የያዘችው አንቀጽ እኮ ነው" አልኩ።

አንዲት ሴትዮ፣ "ትባረር? ለምን ትባረራለች? ትማር የለም እንዴ?"

የእትዬ ፋንቱ እንባ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ስልኩ አሁንም ስፒከር ላይ ነው። ሔርሞን ስትተነፍስ ይሰማል... ከዚያ ዘጋችው።

ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። "ያቤጽ" አለ። ስሜን ብቻ።

ሰዉ ትሪውን እየተወ አንድ በአንድ ወጣ። ማንም አልሰደበኝም። ምናለ ቢሰድቡኝ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ጋሼ ትናንትም ዛሬም ሥራ አልመጣም። በኡበር ሄድን። ሾፌሩ ራፕ ከፍቶ መንገዱን ጨረሰው። ለወራት የተመኘሁት ነገር ነው። አንዱንም ዘፈን አልሰማሁትም።

ለብላክ ፍራይዴይ የቅናሽ ገበያ ዌርሃውሱ አብዷል፣ ኦቨርታይም ግዴታ ነው። ሙኒራ ካርቶኑ በሚጎተትበት ኮንቬየር ማዶ ለማዶ ሆና፣ "ዛሬስ ማንን ቀበርክ?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ሽንት ቤት ገብቼ ደግሞ ፊቴን ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ።

ሰፈር ውስጥ ሌላ ወሬ የለም አለችኝ። ስለኔ አይደለም። ስለኔማ "ያ ባለጌ" ብለው ጨርሰዋል። ስለ ሔርሞን ነው። ወረቀት የላትም አሉ... ተማሪ ነኝ እያለች... አባቷም ያውቅ ነበር አሉ... ዶክተር ያሏት እናቶች ናቸው እንግዲህ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል። ዕረፍት። ቀነኒሳ ዶሮ ጠብሷል፣ ለበዓሉ የሚጠበሰውን ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ አይወድም።

ከማላውቀው የእንግሊዝ ቁጥር ቴክስት መጣ። "አንቀጽ ስምንትን የገደልከው አንተ ነህ?"

ይቅርታ ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ረጅም ጻፍኩ። አጠፋሁት። እየተየብኩ መሆኔ ይታያት ነበር መሰለኝ፣ ቮይስ ላከች። ድምፅዋ የአባቷ ነው፤ ትንሽ ችሎት አለበት። "ይቅርታህን ለጊዜው አስቀምጠው" አለች። "አባቴ አልመሰክርም አለኝ።"

ነገሩን በልኩ የገባኝ ዛሬ ነው። መንግሥት ለሔርሞን የሰጣት መልስ፣ አገርሽ ተመለሺ፣ ዘመድ አለሽ፣ የወላጆችሽ ቤት አለ የሚል ነው። ቤቱ የለም። ጋሼ ሽጦት ነው የመጣው። የቀሩት ዘመዶችም አንዱ ሞቶ፣ አንዱ ተሰድዶ አልቀዋል። እሷ ይኼን ስትል "የራስሽ ቃል ብቻ ነው" ተብላለች። ስለዚህ ጋሼ ዲሴምበር 9 ከዚህ ሆኖ በቪዲዮ ሊመሰክርላት ነበር። ጠበቃዋ ስሙን አስገብታለች። አሁን ምስክሩ ከቀረ ዳኛው ለምን ቀረ ማለቱ አይቀርም። አባትየውም አላመናት ይሆናል... ይባላል።

ጋሼ "ሰው የተሳለቀበትን ነገር ደግሜ ፈረንጅ ፊት አላወራም" ብሏታል።

"እሱ ካልተናገረልኝ ማን ይናገርልኝ?" አለች። "አንተ? አንተ እንደሆነ ተናግረህ ጨረስክ።"

ዶሮውን አልበላሁም። ቀነኒሳ የኔንም በላው። ከበላ በኋላ፣ "ሂድና ለምነው" አለኝ። የዓመቱን ንግግር በአንድ ጊዜ ጨረሰ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

የለንደኑን ጠበቃ ከፈትኩት። ብቻዬን። ማንም ሳያስገድደኝ። አሁን እንኳን ልኮርጀው አልቻልኩም።

አንቀጹ አጭር ናት ለካ። ማንኛውም ሰው የግልና የቤተሰብ ሕይወቱ፣ ቤቱና የሚጻጻፈው ነገር ይከበርለታል። በቃ። ከዚያ ሁለተኛ ክፍል አላት። መንግሥት እዚህ ውስጥ እጁን ማስገባት የሚችለው ሕግ ሲፈቅድለትና ግድ ሲሆንበት ነው፤ ለአገር ደኅንነት፣ ወንጀል ለመከላከል፣ የሌላውን መብት ለመጠበቅ... እንዲህ እንዲህ እያለች ትቆጥራለች። እና ዳኛው ሚዛን ይይዛል። በአንድ በኩል የሰውዬው ሕይወት፣ በአንድ በኩል የመንግሥት ምክንያት። አሁን እንግሊዝ ውስጥ የሚጨቃጨቁት ሚዛኑ ወደየት አጋድሏል በሚል ነው። መንግሥት ለስደተኛው አጋደለ ይላል። የለንደኑ ጠበቃ ደግሞ በዚህ አንቀጽ የሚያሸንፈው ወሬው ከሚለው በጣም ያነሰ ነው ይላል።

እኔ መንግሥት አይደለሁም። ግን አሰብኩት። የሰው ቤት፣ የሰው የግል ሕይወት፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁበት። ግድ የሆነብኝ ምክንያት ምን ነበር? ሁለት ሰው ብቻ ስለሳቀልኝ።

ዳኛ ቢኖር ሚዛኑን ለማንሳት እንኳ አይደክምም ነበር።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ሽማግሌ ላክሁ። አባባ አያና፣ ሙኒራና ቀነኒሳ። ሙኒራ "ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ የምን ሽማግሌ ነኝ" አለች፣ ግን ሻርፗን አስተካክላ ገባች። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል ሲሉ ሰምቼ ድንጋይ ፈልጌም ነበር። አፓርትመንቱ ዙሪያ ያለው የአበባ ጠጠር ብቻ ነው። ጠጠር ተሸክሞ ይቅርታ... ተውኩት። ድሮ ቢሆን ይኼን ለሳምንት አወራው ነበር።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ቀነኒሳ ሳሎኑ መሀል ቆሞ አምፖሉን ሊነካ ደርሶ ነበር አለችኝ ሙኒራ። አባባ አያና ተናገሩ። ጋሼ ሰማቸውና፣ "እኔ ከልጅ ጋር አልጣላም። ይግባ" አለ።

ከልጅ ጋር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ልክ ነው ግን።

ገባሁ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። ጢሙን አልተላጨም። ስለኔ እንዳልመጣሁ፣ ስለ ሔርሞን እንደመጣሁ ነገርኩት። ጋሼ፣ እኔን ባትምረኝም መስክርላት አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለችው የሔርሞን ፎቶ በጥቁር ጋውን ነው፣ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ። እሱን እያየ ነበር።

"ምን ብዬ?" አለ። "ልጄን ትቼ መጣሁ፣ ያደገችበትን ቤት ሸጥኩ፣ ስንት ዓመት ሰው ስዋሽ ኖርኩ ብዬ?"

አባባ አያና እንኳ መሬት አዩ። እትዬ ፋንቱ ኩሽናው በር ላይ ቆማ እጇን በፎጣ ትጠርግ ነበር።

"ሞተች ስትባል ወለል ላይ ወድቀህ አለቀስክላት" አለችው። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። "ያኔ ማን ፊት ነበርክ? ሰፈሩ ሁሉ ፊት። ትቼሽ መጣሁ ስትል አገር ሰምቶሃል፣ አላፈርክም። አሁን በሕይወት ላለችው መናገር ነው የሚያሳፍርህ?"

ጋሼ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እኔ... እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ውስጤ አንድ ነገር ቀለል አለው። አየህ፣ ከክፉም ደግ ይወጣል፣ እኔ እኮ ባልለጥፍ ኖሮ... ሊል ሲጀምር እትዬ ፋንቱ ወደኔ ዞረች። ፊቴ ላይ አይታው ይሆን?

"አንተ ደግሞ በኔ ለቅሶ ደስ እንዳይልህ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ችሎቱ ዛሬ ነበር። ጋሼ መሰከረ።

እኔ ኦቤትስ ነበርኩ፣ ካርቶን ስሞላ። አልተጠራሁም፣ ልሂድ ብዬም አልጠየቅኩም። ላፕቶፑን የከፈተለት ቀነኒሳ ነው፤ ከሥራ አስፈቅዶ። አራት ጊዜ የተሳሳተ ሳጥን ጠቀለልኩ። ስካነሩ ይጮህብኛል። ሙኒራ አንድም ቀልድ አልወረወረችብኝም፣ ይኼ ነው የባሰኝ።

ማታ ቀነኒሳ በግድ ነገረኝ። ቃሉን አንድ በአንድ እንደ ጥርስ እየነቀልኩ ነው። ጋሼ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አድርጎ፣ ስለ አንቀጽ ስምንት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ስለ ሚዛን፣ ስለ ስትራስቡርግ... ዳኛው በአስተርጓሚ በኩል በትሕትና ሕጉን ለጠበቆች እንተወው አለው። ከዚያ ጥያቄ። ቤቱ የት ነው? "ሸጥኩት።" አሁን ማን አላት እዚያ? "ማንም።" ለሰው ለምን ተማሪ ናት ስትሉ ኖራችሁ? የመንግሥት ጠበቃ ነው የጠየቀው፣ ጋሼ በጽሑፍ ካስገባው ቃል ላይ አንብቦ። ጋሼ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ አለ ቀነኒሳ። አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ልትደግመው ስትል፣

"አፍሬ" አለ።

ሌላ ጥያቄ የለም ተባለ። በቃ አለቀ። ቡና ለመጠጣት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየም አለኝ።

ውሳኔው በጽሑፍ ይመጣል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 28

ውሳኔ የለም።

እድሩ ግሩፕ ላይ ለቅሶ ተለጠፈ። የግሮቭ ሲቲ ሰው ናቸው፣ እናታቸው አገር ቤት ዐርፈው። የመጀመሪያው ኮሜንት፣ "የምር ነው?" የሚል ነው። አባባ አያና "የምር ነው" ብለው መለሱ። ማስታወቂያው ላይ ራሱ ጨመሩበት፤ ከሻማው ሥር፣ "የምር ነው።"

ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ከኋላ ወንበር ሳስተካክል ዋልኩ። ሁለት ሴቶች እኔን አይተው ተጠቃቀሱ። ለቅሶው የምር ነው ብለው ያረጋገጡ መሰለኝ... ወይም ተቃራኒውን።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ጋሼ ከትናንት ጀምሮ መልሶ እያመላለሰን ነው። የገና ዋዜማ ስለሆነ "እንኳን አደረሰህ ጋሼ" አልኩት። "እንኳን አብሮ አደረሰን" አለ። ዩቲዩቡን አልከፈተውም። ሙኒራ መሀል መንገድ ላይ፣ "ጋሼ፣ ስትራስቡርግ ምን አለ በል?" ብላ ጠየቀችው። መልስ እስኪሰጣት አልተኛችም። ሳቅ አለና ጀመረላት። ቀስ በቀስ ድምፁ ወጣ።

እኔ እስከ ኦቤትስ ድረስ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

ሔርሞን አሸነፈች።

ውሳኔው ሐሙስ ነው የመጣው። ጋሼ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነገረን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዳኛው ብዙ ገጽ ጽፏል። ሚዛኑ ወደ እሷ አጋደለ ይላል። የምትመለስበት ቤት፣ የሚቀበላት ሰው የላትም፤ የሠራችው ሕይወት ሌስተር ነው። ስለ አባቷ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምስክሩ ለራሱ የሚያሳፍረውን ሳይሸሽግ ስለተናገረ አምኜዋለሁ የሚል። መንግሥት ይግባኝ ልጠይቅ ካለ ጊዜ አለው። ሊጠይቅም ይችላል። ለዛሬ ግን ማንም ውጪ አይላትም። ሔርሞን ለኔም ላከችልኝ፤ "አንቀጽ ስምንት ተነሥቷል፣ ለእድርህ ንገር።" አልነገርኩም። እሷ ከፈለገች ትንገር።

ዛሬ ኬክ ገዝቼ እነጋሼ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ነው። ከውሳኔው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት። አንኳኳሁ።

እትዬ ፋንቱ በሩን ሰንሰለቱ እስኪይዘው ድረስ ከፈተችው። እኔን አላየችኝም። ከትከሻዬ በላይ አሳልፋ ፓርኪንጉን አየች። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ። በረዶ ነው፣ የቆሙ መኪኖች ናቸው። መኪኖቹ ውስጥ ሰው እንዳለ እንደሌለ ጭምር ነው ያየችው። ዓይኗ አንድ በአንድ ሲያልፋቸው እያየሁ ቆምኩ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።"

ሰንሰለቱን ፈታችው። "ግባ፣ ብርድ ነው" አለችኝ። ሳቀችልኝ እኮ። ኬኩን ስትቆርስ ትልቁን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሥራ አከሳህ ምናምን ብላ። ጋሼ ስለ ይግባኙ ጊዜ እያስረዳኝ ሁለቴ ደገመልኝ። ስወጣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ።

እና... ምንም አልሆነም። ሰው አልሞተም። ማንም አልተባረረም። ሕጉም እንግሊዝ አገር እንዳለ አለ። ዳኛው በጻፈው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እኔ የለሁበትም። ጥፋቴ ሲመዘን ትንሽ ነገር ነው፣ በጣም ትንሽ። አንዲት ሴት በር ከመክፈቷ በፊት ውጭውን አንዴ ታያለች። ያችን ታክላለች።